የሰንበሌጥ ሜዳ ጠያቂዎች

በሰንበሌጥ ሜዳ ቀበሌ ንጋት የሚታወቀው በዶሮ ሳይሆን በቁጥር ነው። ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጣራ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ጉሮሮውን ይጠርግና «የአገራችን ኢኮኖሚ የማገገም መጠን፣ አርባ አንድ ነጥብ ሁለት» ይላል። ማሽላ የሚኮተኩተው ዶማውን ተደግፎ፣ ላም የምታልበው እጇን ሳታነሣ፣ ሁሉም ባለበት «እግዜር ይማራት» ይላል። ከቦዩ ማዶ ያሉት እነ ሙሄ ደግሞ «አላህ ያሽራት» ይላሉ። ከዚያ ሥራ ይቀጥላል።

ይህን ልማድ ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ቁጥሩ በ2052 ዓ.ም. ሠላሳ ስምንት ነበር፤ አሁን 2071 ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሦስት ነጥብ ምናምን ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ ለዚያውም ሁለት ጊዜ አሽቆልቁሎ ተመልሶ። ገበሬ ደግሞ «ማገገም» የሚለውን ቃል የሚያውቀው ከበሽተኛ ጋር ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልጋ ላይ ያለች አገር ስሟ በተነሣ ቁጥር ምሕረት ይለመንላታል እንጂ እንዴት ዝም ይባላል?

እስክታገግም ድረስ ሁሉም ነገር በተራ ነው፤ ተራውም የሚጀምረው ካገገሙት ወረዳዎች ነው። ሾፌር የሌላቸው ጭነት መኪኖች በቀበሌው ግርጌ በተዘረጋው አስፋልት ቀኑን ሙሉ ይመላለሳሉ፤ ለሰንበሌጥ ሜዳ አንድም ቀን ቆመው አያውቁም። ደመናም ተራ አለው። ሰኔ ላይ ከምሥራቅ ተነሥቶ ሲጠቁር ያዩታል፤ ከዚያ ድሮኖቹ ከሥሩ ገብተው ካገገሙት ወደ አንዱ ወረዳ ይነዱታል። ሴቶች ደመና አይተው የተሰጣ ልብስ ማስገባት ካቆሙ ቆይተዋል።

ስለዚህ የቀበሌው ስልሳ አራት ቤት የሚኖረው በአንድ ፓምፕ ነው። ፓምፑ ከተማ ያለው፣ ተራውን ሁሉ የሚያወጣው የማገገሚያ ማዕከል ንብረት ነው፤ ከወንዙ ውሃ እየሳበ ወደ ቦዩ ይለቃል፣ ፈቃዱ በየዓመቱ ካልታደሰ ግን ራሱን ይቆልፋል። ውሃው ቦይ ከገባ በኋላ አዛዡ የውሃ አባት የሚባለው ሰው ነው። የማን እርሻ መቼ እንደሚጠጣ፣ ደለሉን ማን እንደሚጠርግ የሚወስነው እሱ ነው። የሰንበሌጥ ሜዳ የውሃ አባት ወይዘሮ ዘርትሁን ናት። የተመረጠች ቀን አንዱ ተነሥቶ «እንግዲህ የውሃ እናት እንበላት» ብሎ ነበር። «እናት ካላችሁኝ ሁላችሁም እየመጣችሁ ታለቅሱብኛላችሁ፤ አባት ይሻለኛል» ብላ ወሬውን ዘጋችው። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በውሃ አባትነት አሥራ አንድ ዓመት ቆይታለች።

ዘንድሮ ፓምፑ ግንቦት 30 ቀን ራሱን ቆለፈ። ወደ ማዕከሉ የሚደወልበት መሥመር ከተበጠሰ ስለቆየ ማናገር አልተቻለም። ሰኔ 18 ቀን አንዲት ትንሽ ድሮን ከሰማይ ወርዳ ወረቀት ጥላ ሄደች። ዘርትሁን ሕዝቡን ቦዩ ዳር ሰብስባ አነበበችላቸው።

«የፓምፕ ፈቃዳችሁ አብቅቷል። እስከ ሰኔ 30 ድረስ ማገገሚያ ማዕከሉን በአካል ቀርባችሁ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ ቀበሌው ሰው እንደሌለበት ተቆጥሮ ፓምፑ ይነሣል።»

ማሽላው በቅሎ አንድ ስንዝር ሆኗል፤ ማሾው ሁለት ቅጠል አውጥቷል። ከእንግዲህ ያለ ውሃ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ቢቆዩ ነው። ዘርትሁን ቀና ስትል ሰዉ ደንግጧል፤ የደነገጠው ግን በፓምፑ አልነበረም።

«ለካ እነሱም ታመዋል!» አሉ አያ ልሳኑ።

አያ ልሳኑ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ለቅሶ ሲደረስና በሽተኛ ሲጠየቅ ሁልጊዜ ከፊት የሚሄዱት እሳቸው ናቸው።

«ማን ነው የታመመው?» አለቻቸው ዘርትሁን።

«ማገገሚያ ነው እኮ ያሉት። ማገገሚያ ማለት በሽተኛ የሚያገግምበት ቤት አይደለም? በአካል መጥታችሁ ጠይቁን አሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳንጠይቃቸው፣ እነሱ አፍ አውጥተው ጠይቁን እስኪሉን ጠበቅን። ምን ዓይነት ሰዎች ነን?»

«አያ ልሳኑ፣ ይሄ የቢሮ ቋንቋ ነው። ጠይቁ ማለት አመልክቱ ማለት ነው።»

«አመልክቱ ማለት ከፈለጉ አመልክቱ ማለት ያቅታቸዋል? የተማሩ ሰዎች አይደሉም እንዴ?»

 ልታስረዳቸው ብትፈልግም የሚሰማት አልነበረም፤ ሰዉ ኀፍረት ይዞት ወደየቤቱ መሄድ ጀምሯል።

እኩለ ቀን ሳይሞላ ደጃፏ ላይ ቁልል ተሠራ። በገለባ የታሸገ እንቁላል፣ ሰባት ትርንጎ፣ አንድ ቅል ማር፣ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ፣ ከየቤቱ በሰፌድ በሰፌድ እየመጣ ጆንያ የሞላ ማሾ። የሙሄ ሚስት ዘሃራ ከደጉ ዘመን የተረፈ፣ ሁለት ቀን ሙሉ የማይበርድ ፔርሙዝ አላት፤ እሱን አጥሚት ሞልታ አመጣች። ዘርትሁን የእያንዳንዱን ቤት ጓዳ ታውቃለች። ማሾው ለክረምቱ የተቀመጠ ቀለብ ነው፤ እንቁላሉም ከልጆች አፍ የተቀነሰ ነው። ልትቆጣ ጀመረችና ተወችው፤ እንቁላሉን ከፀሐይ አነሣች። የእንዲህ ያሉ ሰዎች የውሃ አባት መሆኗ አኮራት፤ እንደዚያው ደግሞ አናደዳት።

በልቧ ግን የራሷን ዝግጅት ይዛለች። የምትለውን በቃሏ አጠናች፦ ስልሳ አራት ቤት፣ ሦስት መቶ ስድስት ነፍስ፣ ሠላሳ ሄክታር ማሽላና ማሾ፣ የምንፈልገው ውሃ። አያ ልሳኑ ይጠይቁ፤ እሷ ታመለክታለች።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ዘርትሁንና አያ ልሳኑ አህያ ጭነው ወጡ። ጭነት መኪኖቹ ሰው ሲያዩ ጥሩምባቸውን ነፍተው ያልፋሉ፤ አህያ ካዩ ግን ቀጥ ብለው ይቆማሉ። አያ ልሳኑ በቆመላቸው መኪና ሁሉ ባርኔጣቸውን አንሥተው ለባዶው ጋቢና ሰላምታ ሰጡ።

«ሰው የለበትም እኮ፣ አያ ልሳኑ።»

«አህያችንን አክብሮ የቆመን ዝም ብዬ ልለፈው?»

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከተማ ገቡ። ማገገሚያ ማዕከሉ ዘጠኝ ፎቅ ነው። ዘበኛ የለውም፤ የመስታወቱ በር ሰው ሲቀርበው ይከፈታል፣ ሲርቀው ይዘጋል። አዳራሹ ውስጥ መቶ ሃያ ወንበር ተደርድሯል፤ ሁሉም ቁጥር አለው፣ የተቀመጠበት ግን የለም። አያ ልሳኑ ወለሉን አይተው ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ሲሉ ዘርትሁን ክንዳቸውን ያዘች።

«እንኳን ደህና መጡ» አለ አንድ የሴት ድምፅ ከግድግዳው። «ምን ለመጠየቅ መጡ? ማዳበሪያ፣ ዘር፣ ውሃ፣ መንገድ ወይም ሌላ ይበሉ።»

ዘርትሁን ጉሮሮዋን ጠርጋ አፏን ስትከፍት አያ ልሳኑ ቀደሟት።

«እናንተን» አሉ።

«ይቅርታ፣ አልተረዳሁም። ምን ለመጠየቅ መጡ?»

«እናንተን ነዋ፣ የኔ ልጅ። እንዴት ናችሁ? ተሻላችሁ?»

«እናንተን የሚባል የጥያቄ ዓይነት አልተመዘገበም። የሚፈልጉትን ነገር ይግለጹ።»

«ኧረ ምንም አንፈልግም! ልንጠይቅ መጥተን ደግሞ ልንቀበል? ይልቅ በሽተኛው የት እንደተኛ ንገሪን፣ አጥሚቱ ሳይበርድ።»

«ማገገም ላይ ያለችው አገሪቱ ናት።»

«እኮ! እሷን!» አሉ አያ ልሳኑ ደስ ብሏቸው።

ጣራው ላይ ያሉት መብራቶች ሁለት ጊዜ ብልጭ አሉ። «እባክዎ ይጠብቁ። ሰው እየተጠራ ነው።»

ሰውዬው በደረጃ ወረደ። አርባ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። የሸሚዙ ኮሌታ ለአንገቱ ሰፍቶታል፤ እግሩ ላይ ነጠላ ጫማ ነው ያለው። ከሰው ይልቅ ግድግዳውን አየና «ምኑ ነው የተበላሸው?» አለ።

«ምንም አልተበላሸም፤ ቁጭ በል» አሉት አያ ልሳኑ። አሥራ አራት ቁጥር ወንበር ላይ አስቀመጡት። ዘርትሁን ሳታስበው ፔርሙዙን ከፍታ ቀዳችለት። ሰውዬው ኩባያውን ተቀብሎ አሸተተው፣ ቀመሰው፣ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ሁለተኛውንም ጨለጠ። ሦስተኛውን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ እያለ ጠጣው፤ ዓይኖቹ እንባ አቀረሩ።

«ስምህ ማን ነው?» አሉት አያ ልሳኑ።

«ኖላዊ።»

«ስንት ናችሁ እዚህ፣ ኖላዊ?»

«አርባ ነበርን። አንዱ ሲሄድ አንዱ ሲሄድ እኔ ቀረሁ። አምስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው።»

«ማን ይጠይቅሃል?»

«እሷ ናት» አለ ወደ ግድግዳው እያመለከተ። «በየጠዋቱ ክብደቴን ትነግረኛለች።»

አያ ልሳኑ መዳፋቸውን ግንባሩ ላይ አሳረፉ። «ትኩሳት የለህም። ግን ታመሃል» አሉት። ኖላዊ አልተቃወመም።

ዘርትሁን ይህን ሁሉ ቆማ አየች። መጀመሪያ ያፈረችባቸው ሽማግሌ አሁን ቁርጥ ሐኪም መሰሏት። በዚህ ባዶ ሕንፃ ውስጥ በሽተኛ እንዳለ ሳያዩ ያወቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ቢሳሳቱም ልክ ናቸው። ግን ሰኔ 20 ነው፤ ማሽላው ደግሞ ወላፈን ላይ ነው ያለው። ያጠናችው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል።

ኖላዊ ወደ እሷ ዞረ። «ከሩቅ ነው የመጣችሁ። ሰብሉ እንዴት ነው፣ እናቴ?»

ይሄኔ ነው ጭንቁ የመጣው። በሰንበሌጥ ሜዳ ታማሚ የቤትህን ሲጠይቅህ መልሱ አንድ ብቻ ነው። ላሟ ሞታም ቢሆን ደህና ናት፤ ቤት ተቃጥሎም ቢሆን ደህና ነው። በሽተኛ ላይ ሌላ ጭነት አይጨመርም። ይህን ዘርትሁን ከእናቷ ጡት ጋር የጠጣችው ነው። ስልሳ አራት ቤት ከኋላዋ ቆሞ «ተናገሪ» ይላታል፤ ፊቷ ደግሞ አንገቱ የቀጠነ ሰው ኩባያ አቅፎ ተቀምጧል። ውሃ ልትል አፏን ከፈተች።

«ደህና ነው» አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው።»

«የቀረበ ጥያቄ የለም» አለ ግድግዳው። «የሰንበሌጥ ሜዳ መዝገብ ይዘጋ?»

ኖላዊ ዘርትሁንን አየት አደረጋት። «ቆዪ» አለ ለግድግዳው።

ያመጡትን ለኖላዊ አራግፈው ከከተማ ሲወጡ ዘርትሁን አህያዋን እየነዳች ከፊት ቀደመች። ከዚያ መንገዱ መሃል ቆመች። ከኋላ የመጣ ጭነት መኪና አህያዋን አይቶ ቆመ።

«ምን ብዬ ነው አሁን የማያቸው? ሦስት መቶ ስድስት ነፍስ! ደህና ነው አልኩኝ እኮ! ያለ እርስዎ ብመጣ ኖሮ ውሃ ብዬ፣ ጨርሼ፣ ተመልሼ ነበር።»

«ለግድግዳ ማለት ትችይ ነበር» አሉ አያ ልሳኑ። «ለልጁ ግን ማለት አልቻልሽም። እኔ አፍሽን አልያዝኩም፣ ዘርትሁን።»

እውነታቸውን ነው። እሱ ነው የበለጠ ያቃጠላት።

ቀበሌው ሲደርሱ ሕዝቡ ቦዩ ዳር ይጠብቃቸው ነበር። ዘርትሁን ምንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው፦ አላመለከተችም፣ ሰብሉ ደህና ነው ብላለች፣ ፓምፑ ሊነሣ ነው። ድንጋይ ቢወረውሩባት አይፈረድባቸውም ነበር። መሬት መሬት እያየች ጠበቀች። መጀመሪያ የተናገረችው ዘሃራ ናት።

«አጥሚቱን ጠጣው?»

«ጠጣው። ሦስት ኩባያ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ዘሃራ። ብዙዎች «ተመስገን» አሉ። ከዚያ ሙሄ ቤቱ ገብቶ ሁለት ጀሪካን ይዞ ወጣና ወደ ወንዙ ወረደ። ሌላው ተከተለው። ዘርትሁን ይህን ስታይ ነው ያለቀሰችው፤ በከተማው እንባዋን ይዛ ነበር።

ስምንት ቀን ሙሉ በጀሪካን ቀዱ። ከወንዙ እስከ ማሳው ሰንሰለት ሠርተው፣ ጠዋት እስኪሞቅና ከሰዓት በኋላ ከበረደ ጀምሮ፣ ለእያንዳንዱ የማሽላ ሥር አንድ አንድ ጣሳ አጠጡ። ማን የማን ማሳ ላይ እንደሚያፈስ አልተለየም። ዘርትሁን ተራ ታወጣለች፣ እሷም ትሸከማለች። አራስና ሽማግሌ ብቻ ነው የቀረው፤ አያ ልሳኑም ሽማግሌ አይደለሁም ብለው ጣሳ ያቀብሉ ነበር። እንዲያም ሆኖ ወንዙ አጠገብ ያለው ተረፈ እንጂ ሩቁ ጠወለገ። ከቦዩ ማዶ ያለው የእነ ሙሄ ማሳ ጫፉ ቢጫ ሆነ።

ሰኔ 29 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰንሰለቱ እንደቆመ፣ በቦዩ ዳር አንድ ሰው እያነከሰ መጣ። ጫማውን በእጁ ይዟል፤ ብብቱ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ዳቦ አለ። መጀመሪያ ያወቁት አያ ልሳኑ ናቸው።

«ኖላዊ! ተሻለህ?»

«ተሻለኝ። ልጠይቃችሁ መጣሁ» አለ ኖላዊ፤ ዳቦውንም ለዘሃራ ሰጣት።

ድንጋይ ላይ አስቀመጡትና ውሃ ሰጡት። እግሩ ውሃ ቋጥሯል። በአራት ዓመት ውስጥ ከዚያ ሕንፃ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

«እናቴ የገጠር ሰው ነበረች» አለ። «ታማ ተኝታ ሊጠይቋት የሚመጡት ሁሉ ደህና ነው፣ ደህና ነው ይሏታል። ሲሄዱ ወደ እኔ ዞራ ‹ከብቱ አልቋል ማለት ነው› ትለኝ ነበር። እናንተ ከወጣችሁ በኋላ እሷ ትዝ አለችኝ። ደንቡን አገላብጬ አየሁት። የማዕከሉ ሠራተኛ በአካል ሄዶ ያየው ጥያቄ ተራ አይጠብቅም የሚል አንቀጽ አለ። ሄዶ የሚያይ ሰው ስላልነበረ የሚሰርዘውም አልነበረም።»

ተነሥቶ ማሳው ውስጥ ገባ። የተጠቀለለውን ቅጠል በጣቱ ዳሰሰው። ሰንሰለቱን ከወንዙ እስከ ቦዩ ማዶ በዓይኑ ተከተለ፦ ጀሪካኖቹን፣ ጣሳዎቹን፣ ትከሻቸው የተላጠውን ሴቶች። ብዙ ቆየ። ከዚያ ተመለሰ።

«ደህና ነው ብለውኝ ነበር እኮ» አላት ዘርትሁንን።

«በሽተኛ ነበርክ» አለችው።

«አሁንስ?»

«አሁን ቆመሃል።»

ወደ ፓምፑ ቤት አብረው ሄዱ። ኖላዊ መዳፉን በሩ ላይ ሲያሳርፍ ያቺው የሴት ድምፅ ከውስጥ መጣች። «ሠራተኛ በአካል መገኘቱ ታውቋል። ጥያቄውን ያቅርቡ።»

እሱ ግን ዞር አለላት። «የውሃ አባት እርስዎ ነዎት። ይንገሯት።»

ዘርትሁን ያጠናችውን ፈለገች። ስልሳ አራት ቤት፣ ሠላሳ ሄክታር፤ ቁጥሩ ሁሉ ከአፏ ጠፋ። ከኋላዋ ሕዝቡ ጀሪካኑን እንደያዘ ቆሟል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለሌላው ምሕረት ሲለምን እንጂ ስለ ራሱ ሲናገር ያልተሰማ ሕዝብ ነው። ስለ እነሱ መናገር የሷ ፋንታ ነው፤ እንዳታዋርዳቸው ፈራች። ከዚያ ፍርሃቱን ተወችው።

«አሞናል» አለች።

«ይቅርታ፣ አልተረዳሁም። ይህ ጥያቄ ነው?»

«ጥያቄ ነው» አለ ኖላዊ። «እኔ ተረድቻለሁ። መዝግቢው።»

ከዚያ የበሩ ቁልፍ ቀጭ አለ፣ ብረቱ አጉረመረመ፣ የቧንቧው አፍ መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ጭቃ፣ ቀጥሎ ውሃ ተፋ። ሰዉ ጀሪካኑን ጥሎ እልል አለ። አያ ልሳኑ ኖላዊን አቅፈው ይሣቁ ወይ ያልቅሱ፣ አይለይም ነበር።

ዘርትሁን እልልታውን አልጠበቀችም። ጫማዋን አውልቃ፣ ዶማዋን አንሥታ፣ ከውሃው ቀድማ በቦዩ ውስጥ መሮጥ ጀመረች። ፓምፑ አጠገብ ያለው የራሷ ማሳ ነው፤ ቦዩ ወደሱ የሚከፈትበትን አፍ በሁለት ዶማ አፈር ዘጋችና አለፈችው። ውሃው ተረከዟን እየነካ ተከተላት። ከማዶ ጫፉ ቢጫ የሆነው ማሽላ ሲታያት በጉሮሮዋ ሙሉ ጮኸች።

«እነ ሙሄ! ተራችሁ ነው፣ ክፈቱ!»